ትኩሳት የታከለበት ማይግሬን፦ ስለ አንድ የደሴ ክሊኒክ አገልግሎት

ለዓመታት ማይግሬን የሚያሠቃያት እህቴ ከወትሮው ራስ ምታት ጋር ትኩሳት ተጨምሮባት ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ወስጃት ነበር፤ ያገኘነው አገልግሎት በአመዛኙ የሚያስመሰግን ነው። ነርሷ ገና ካርድ ሳይወጣ ቴርሞሜትሩን ብብቷ ሥር አድርጋ 38.6 አነበበች። ሐኪሙም «ማይግሬን ብቻውን እንዲህ አያተኩስም፤ ሌላ ምክንያት እንፈልግ» ብለው አንገቷን ወደ ደረቷ በማጎንበስ የማጅራት ገትር ምልክት የሆነው የአንገት መገተር አለመኖሩን አዩ። የምትሠራው ኮምቦልቻ መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ፣ ከተማዋ ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቃት በመሆኗ፣ የወባ ምርመራ አዘዙ፤ ውጤቱም ወባ ሆነ። እንዲህ ያለው ሕመም ማይግሬኑንም ሊቀሰቅስ እንደሚችል፣ እንደ ፓራሲታሞል ያለውን ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ማዘውተርም ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ በትዕግሥት አስረዱን (ይህን የሚነግር ስንቱ ነው?)። ክፍያው ተመጣጣኝ ነው።

ቅር ያሰኘኝ የመጠበቂያ ክፍሉ ነው፤ ብርሃንና ድምፅ ለሚያስጨንቀው ታማሚ፣ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ የላቦራቶሪ ውጤት መጠበቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ መሄድ ይሻላል።