ታይኒ ኮር ሊኑክስ፣ ዲስኩ በሞተ ላፕቶፕ ላይ

ሃርድ ዲስኩ የሞተ ባለ 2 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ቤት ተቀምጦ ነበር፣ አዲስ ዲስክ ለመግዛት ብር ማውጣት ስላልፈለግኩ ታይኒ ኮር የሚባለውን በጣም ትንሽ የሊኑክስ ሲስተም በፍላሽ አስነሳሁበት፣ ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ።

የሚወርደው ፋይል ወደ 23 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ዳታ እየቆጠርን ለምንጠቀም ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሲነሳ ዋናው ሲስተም ሙሉ በሙሉ ራም ላይ ይገባል፣ ማለት ራም ዲስክ (ከራም ተቆርሶ እንደ ዲስክ የሚያገለግል ቦታ) ልስራ ብለህ ሳትለፋ ከመጀመሪያው ራም ዲስክ ላይ ነው የምትሰራው፣ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ገና ስትነካው ይከፈታል። የምትጨምራቸው ፕሮግራሞች ግን ከፍላሹ ላይ ስለሚነበቡ ፍላሹን እንዳትነቅለው።

ዋናው ነገር መብራት ነው። ራም ላይ ያለ ነገር ሁሉ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ የኔ ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪው አይዝም፣ አንድ ማታ ሁለት ሰዓት ሙሉ የጻፍኩት ስክሪፕት እንዲሁ ጠፋብኝና በጣም ነው ያዘንኩት። በስርዓት ስትዘጋው ባክአፕ ያደርጋል፣ ድንገት ሲጠፋ ግን ምንም የለም፣ ስለዚህ ባክአፕ የሚያደርገውን ፋይልቱል (filetool.sh -b) የሚለውን ትእዛዝ በየመሃሉ ራስህ ስጠው። ባክአፕ የሚያደርገውም የራሱ ዝርዝር (.filetool.lst) ላይ ያለውን ብቻ ነው፣ ሆም እና ኦፕት የሚባሉት ፎልደሮች አሉበት፣ የሲስተሙ ሴቲንግ በሚቀመጥበት ኢቲሲ ውስጥ የነካካኸውን ግን ስሙን እዚያ ዝርዝር ላይ ካልጻፍክለት ሪስታርት ስታደርግ አታገኘውም። ሆም ውስጥ ቪዲዮ ምናምን ካጠራቀምክ ደግሞ ያ ሁሉ ሲታሸግና ሲፈታ መዝጋቱም መነሳቱም ይንቀራፈፋል፣ ትላልቁን ነገር ቀጥታ ፍላሹ ላይ አስቀምጠው።

ለኮምፓይል (ኮድን ወደሚሰራ ፕሮግራም ለመቀየር) ለብቻው ቦታ ከፈለግክ ፎልደር ፈጥረህ ቲኤምፒኤፍኤስ (tmpfs) የሚባለውን የራም ዲስክ ዓይነት ማውንት አድርግበትና መጠኑን ለምሳሌ 256 ሜጋ ብለህ ገድበው፣ ወዲያው 256ቱን አይዝም፣ ፋይል በገባበት ልክ ነው ከራም የሚወስደው። ራምኤፍኤስ (ramfs) የሚባለውን ሌላኛውን ዓይነት ተወው፣ ገደብ ስለማያውቅ ራሙን ጨርሶ ማሽኑን ሊያደርቀው ይችላል።

ይቺ ባለ 23 ሜጋዋ ትንሿ እትም ዋይፋይ ይዛ አትመጣም፣ የኢንተርኔት ኬብል ከሌለህ ኮር ፕላስ የሚባለውን ትልቁን እትም አውርድ፣ ፋይሉ ከፍ ይላል ግን የዋይፋዩን ነገር ይዞልህ ይመጣል። የአማርኛ ፎንትም ራስህ ነህ የምትጨምረው፣ እኔ ሆም ውስጥ ስላስገባሁት ከባክአፑ ጋር እየተመለሰ እስካሁን ድጋሚ አልጠየቀኝም።