ቪኤምኤስ ወይስ ኤአይኤስ? ዓሣ አጥማጅ መርከብን ከሰማይ መከታተል

ደብረ ብርሃን ብርድ እንጂ ባሕር የላትም። ቢሆንም ስልኬ ላይ የመርከቦች ካርታ አለ። ጓደኛዬ ሻይ ቤት አየውና «ሩቅ ባሕር ያለውን ዓሣ አጥማጅ የሚቆጣጠሩት በዚህ ነው እንዴ?» አለኝ። በዚህም፣ በሌላም ነው። ካርታው የሚያሳየው የኤአይኤስን ምልክት ነው፤ ኤአይኤስ መርከቡ ማንነቱንና ቦታውን በሬዲዮ ለሁሉም የሚናገርበት መሣሪያ ነው። ሌላው ቪኤምኤስ ነው፤ የዓሣ አጥማጁን ቦታ በሳተላይት ለተቆጣጣሪ ማዕከል ብቻ የሚልክ ሳጥን።

ልዩነቱ ለመንዝ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ኤአይኤስ ገደል ማዶ ለማዶ መጣራት ነው፤ መንገደኛውም ይሰማል። ቪኤምኤስ ለአንድ ሰው የተላከ የታሸገ ደብዳቤ ነው።

ዓላማ፦ ኤአይኤስ መርከቦች እንዳይጋጩ ነው የተሠራው። ቪኤምኤስ ከጅምሩ ለዓሣ ቁጥጥር ነው።

ፍጥነት፦ ኤአይኤስ ቦታውን የሚልከው በሴኮንዶችና በደቂቃዎች ልዩነት ነው፤ ቪኤምኤስ ብዙውን ጊዜ በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ።

ማን ያየዋል፦ የኤአይኤስን ምልክት ሳተላይት ይለቅመዋል። ግሎባል ፊሺንግ ዋች የተባለው ድርጅት ይህን በኢንተርኔት ካርታ ላይ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ያሳያል። ቪኤምኤስ መርከቡ ባንዲራውን ወደሚያውለበልብለት አገር ማዕከል ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምስጢር ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ማታለል፦ ኤአይኤስን ካፒቴኑ ያጠፋዋል፤ የውሸት ቦታም ይላክበታል። (የባሕር ዘራፊ ፈርቶ የሚያጠፋም አለ፣ አይፈረድበትም።) የቪኤምኤስ ሳጥን የታሸገ ነው። ዝም ካለም ማዕከሉ «የት ገባህ?» ይላል።

ፈቃድ ሰጥቶ ለሚቀጣ መንግሥት ቪኤምኤስ ይሻላል። ለጋዜጠኛ፣ ለተመራማሪ፣ የሌላ አገር ማዕከል መረጃ ለማያገኝ የባሕር ጠረፍ አገር ደግሞ ኤአይኤስ። ሁለቱንም ያጠፋውን ደግሞ እንደ ሴንቲኔል 1 ያለች ራዳር የያዘች ሳተላይት ትፈልገዋለች፤ ሌሊትና ደመና አያግዷትም።