ባሕር ዳር ወይስ ዳካ? የልብስ ሰፊዋ ደመወዝ
ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር፣ እኛ ግቢ የተከራየች አንዲት ልጅ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ደመወዝ በተቀበለች ማግሥት ኪራይ ትከፍላለች፤ ለጤፍ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ታዋጣለች። ሳምንት ሳይሞላ ለባጃጅ አይተርፋትም፤ በእግሯ ነው የምትሄደው።

ዳካ ብትሆን ኖሮስ? ባንግላዴሽ ለልብስ ሰፊዎች ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አላት፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በወር 12,500 ታካ (የአገሩ ገንዘብ) ሆኗል። ሠራተኞቹ አይበቃንም ብለው አደባባይ ወጥተዋል። ቢሆንም ይዘው የሚሟገቱበት ቁጥር አላቸው። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ወለሉ ሳይወሰን ስንት ዓመት አለፈ! ይኼ በጣም ያንገበግበኛል።

ትርፍ ሰዓት ላይም እነሱ ይሻላሉ፤ የመሠረታዊ ደመወዝ እጥፍ ነው። እኛ ጋ ቀን ላይ የተሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ነው። መደበኛው ሥራ ሁለቱም ጋ በሳምንት 48 ሰዓት።

ደኅንነቱ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2005 ዓ.ም. ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለው የልብስ ፋብሪካዎች ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። ስንጥቁ በዋዜማው ታይቶ ነበር፤ ጠዋት ግን ሠራተኞቹን ግቡ አሏቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ፋብሪካዎች ተፈተሹ፣ ተጠገኑ።

ልጅቷን ስለ እሳት መውጫው በር ጠየቅኳት። «አለ» አለችኝ፣ «ካርቶን ተደርድሮበታል እንጂ።»