ገላን ያለውን ትራንስፎርመራችንን ዘይት ላከሙልን ባለሙያዎች ምስጋናና ጥቆማ

ገላን የሚገኘውን የ1250 ኪሎቮልት አምፔር ትራንስፎርመራችንን ዘይት መርምረው ላጣሩልን ሦስት ባለሙያዎች እግዜር ይስጥልን። ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባለው መስመር የራሳችሁ ትራንስፎርመር ያላችሁ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ብትጠሯቸው አትቆጩም። «ጥሩ ሠራተኞች ናቸው» ብለን ብናልፈው ለማንም አይጠቅምምና የሠሩትን ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን።

መጀመሪያ የመጡት ማጣሪያ ማሽን ጭነው አይደለም፤ የናሙና ጠርሙስና መሞከሪያ ብቻ ይዘው ነው። ቀኑን ራሳቸው መረጡ፦ ጥቅምት ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ትራንስፎርመሩም ገና በጭነት ሞቅ እንዳለ። የታችኛውን ቫልቭ ክር በማይተው ጨርቅ ጠርገው መጀመሪያ የወጣውን 2 ሊትር ያህል በባልዲ አስወገዱት፤ ቫልቩ አንገት ላይ የተኛ ዝቃጭ ውስጥ ያለውን ዘይት አይወክልም። ጠርሙሱን በዚያው ዘይት ሁለቴ አለቅልቀው፣ አረፋ እንዳይሠራ በግድግዳው በኩል ቀስ ብለው ሞሉት።

መሞከሪያው ውስጥ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት የናስ ኳሶች አሉ። ክፍተታቸው 2.5 ሚሊሜትር መሆኑን ዓይናችን እያየ ለኩ። ዘይቱ 5 ደቂቃ ረግቶ ከቆየ በኋላ ቮልቴጁ በሰከንድ 2 ኪሎቮልት እየወጣ ሄዶ ብልጭታው ጧ ብሎ ይዘላል። በየመሃሉ 2 ደቂቃ እያረፈ ስድስት ጊዜ ተሞከረ፤ ብልጭታው የዘለለበት ኪሎቮልት እንዲህ ነበር፦ 31፣ 19፣ 27፣ 22፣ 26፣ 19። አማካዩ 24 ኪሎቮልት። ለ15 ኪሎቮልት ትራንስፎርመር፣ በሥራ ላይ ያለ ዘይት ከ40 በላይ ከሆነ ጥሩ፣ ከ30 በታች ከወረደ ደካማ ነው። እነሱን ይበልጥ ያሳሰባቸው ግን የቁጥሮቹ መራራቅ ነበር። እንዲህ የሚዋዥቅ ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ውሃ ከጠጣ የወረቀት ቃጫና ብናኝ ነው፤ ቃጫው ወደ ኳሶቹ መሃል ተስቦ ለብልጭታው ድልድይ ይሆናል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዋጋ አስልቶ ወደ ማጣራት ይሄዳል። እነሱ ግን ውሃው በየት ገባ ብለው ትራንስፎርመሩ አየር ወደሚስብበት መተንፈሻ ሄዱ። እዚያ ያለው እርጥበት መጣጭ፣ ብርቱካናማው ሲሊካ ጄል፣ ወደ አረንጓዴ ተቀይሯል። አየር የሚገባው ከታች ባለው የዘይት ኩባያ በኩል ስለሆነ፣ ጤነኛ መተንፈሻ ላይ ጄሉ ቀለሙን የሚለውጠው ከታች ወደ ላይ ነው። የእኛ የጀመረው ከላይ ነበር። ስለዚህ አየሩ በጄሉ ሳያልፍ ከበላዩ ባለ ክፍተት እየገባ ነው ማለት ነው። የመተንፈሻው ቱቦ ከኮንሰርቬተሩ (ከላይ ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ጋር የሚገጥምበት ቦታ ላይ ያለው የቡሽ ጋስኬት ደርቆ ተሰንጥቆ ተገኘ። ዘይት ቀን በጭነት ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ መልሶ ይስባል፤ ያ ስንጥቅ ክረምቱን ሙሉ የሐምሌና የነሐሴን እርጥበት ሲያስገባ ከርሟል። ጋስኬቱ ሳይቀየር ዘይቱ ቢጣራ ገንዘቡ ሜዳ ላይ በቀረ ነበር።

ናሙና ወደ ላብራቶሪም ልከዋል። የአሲድ መጠኑ በግራም 0.09 ሚሊግራም ሆነ፤ ከ0.15 በታች ስለሆነ ደህና ነው። ይህ ውጤት ሳይመጣ አናጣራም ያሉበት ምክንያት አላቸው፦ ማሽኑ ውሃና ብናኝ እንጂ አሲድ አያወጣም። ከ0.30 ያለፈ ዘይት ቢጣራም መልሶ ያበላሻል።

የማጣሪያው ቀን እሑድ ነበር። ኃይል የማቋረጥ ፈቃዱ ቀድሞ አልቆ ስለነበር መጀመሪያ የ400 ቮልቱን ዋና ብሬከር፣ ቀጥሎ በ15 ኪሎቮልቱ በኩል ያሉትን ድሮፕ አውት ፊውዞች ከፈቱ። ኃይል አለመኖሩን በመፈተሻ አረጋግጠው ሦስቱንም ፌዝ ከመሬት ጋር ሳያስሩ ማንም ክዳን አልነካም። ማሽኑ ከዚህ በፊት የማንን ዘይት እንዳጣራ መዝገቡን አሳዩን። ይህን ሁላችሁም ጠይቁ፤ ከድሮ ትራንስፎርመሮች አንዳንዶቹ ፒሲቢ የተባለው መርዝ አለባቸው፣ ባልታጠበ ቱቦም ወደ ንጹሑ ይዛመታል።

የስም ሰሌዳው 790 ኪሎ ዘይት ይላል፤ ለ0.88 ሲካፈል 900 ሊትር ገደማ ነው። ማሽኑ በሰዓት 600 ሊትር ስለሚያዞር አንዱ ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ፤ አምስት ዙር አዞሩት። ሙቀቱን 60 ዲግሪ ላይ ያዙት። ከ70 በላይ ማሞቅ ሥራውን ቢያፈጥንም ዘይቱን ያስረጃል። ከዚያ የራዲያተሮቹንና የቡሽንጎቹን (ሽቦው የሚገባባቸውን መከለያዎች) አየር አስተንፍሰው 12 ሰዓት አሳረፉት፤ ሰኞ ጠዋት በሜገር (በኢንሱሌሽን መለኪያ) ለክተው ኃይል ሰጡ።

በማጣሪያው ማግስት 68 ኪሎቮልት ወጣ። ብዙ ድርጅት በዚህ ቁጥር ተጨባብጦ ይለያያል። እነሱ ግን በ6ኛው ሳምንት ሳንደውል፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተመልሰው መጡ። ትራንስፎርመር ውስጥ ካለው ውሃ አብዛኛውን የሚይዘው ዘይቱ ሳይሆን ጥቅልሉ ላይ ያለው ወረቀት ነው፤ ከተጣራ በኋላም ቀስ እያለ ወደ ዘይቱ ይመለሳል። የሁለተኛው ልኬት አማካይ 54 ሆነ፤ ስድስቱ ንባቦችም ተቀራርበዋል። በስምምነታችን ላይ ያስጻፉት ይህንን ነው እንጂ 68ቱን አይደለም። ከልብ የምናመሰግናቸውም ለዚህ ነው።

ዋጋቸው ከሌሎች ዝቅ ያለ አይደለም፤ እሑድ ለማግኘትም ቀደም ብሎ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። በዘይት ውስጥ የሟሟ ጋዝ ምርመራ እዚሁ አይሠሩም፤ በመስታወት ሲሪንጅ ናሙና ወስደው ይልካሉ።

ስልካቸውን አስፈቅደናቸዋል፤ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንልካለን። ስትደውሉ የስም ሰሌዳውን፣ የሲሊካ ጄሉንና የዘይት መጠን ማሳያውን ፎቶ አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነዚህን ነው።