እጁን የፈለገው ሰው

የደሴ ክረምት ጭጋጉን ከጦሳ ተራራ ላይ ሲያወርድ ከቤት መውጣት አያሰኝም። ባለፈው እሑድ ከታናሽ እኅቴ ጋር ከሰሉን ተጠግተን፣ አቦሉን እየጠጣን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 የወጣውን «ዘ አሜዚንግ ስፓይደር ማን» የተሰኘ ፊልም በኮምፒውተር ከፈትን። እርሷ ስፓይደር ማን የሆነውን የፒተርንና የግዌንን ፍቅር ልታይ ነበር፤ እኔ ግን የባዮሎጂ መምህር ነኝና ዓይኔ ዶክተር ኮነርስ ላይ ተተከለ።

ቀኝ ክንዱን ያጣ ሳይንቲስት ነው። እንሽላሊት የተቆረጠ ጅራቷን መልሳ እንደምታበቅል ሐይቅ ዳር ድንጋይ ስንገለብጥ ያደግን ሁሉ እናውቃለን፤ እርሱ ይህንኑ ጸጋ ለሰው ሊያመጣ ፈለገ። የጎደለውን ቀመር የሰጠው ደግሞ ራሱ ፒተር ነው! መድኃኒቱን በገዛ ሰውነቱ ሞከረው፤ ክንዱ በቀለ፣ እርሱ ግን አውሬ ሆነ። ይህን ሰው ክፉ ብዬ ልጠራው አልችልም። በመጨረሻ ከሕንፃው ጫፍ ሊወድቅ የነበረውን ፒተርን የያዘው ኮነርስ መሆኑን ሳይ እንባዬ መጣ።

ፒተርንና ግዌንን የሚጫወቱት አንድሩ ጋርፊልድና ኤማ ስቶን በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ተፋፍረው ሲንተባተቡ ተማሪዎቼን ያየሁ መሰለኝ፤ ፍቅሩ እውነት አለው። ቅር ያለኝ፣ ፈዋሹ ሰው ከተማውን ሁሉ ወደ እንሽላሊትነት ልለውጥ ብሎ የተነሣበት መንገድ በጥድፊያ መታለፉ ነው። ከ136 ደቂቃ ውስጥ ለብቸኝነቱ አሥር ደቂቃ ቢጨመርለት ምን ነበረበት?

እኅቴ ደግሞ የግዌን አባት በሞት አፋፍ ሆኖ ፒተርን ከልጁ እንዲርቅ ማስማሉን ፈጽሞ አልተቀበለችም። ሁለተኛው ጀበና እስኪፈላ ተከራከርን።