የአባዬን የፊኛ ካንሰር ሕክምና ስንመርጥ አጠገባችን ለነበረችው ነርስ

ይህን የምጽፈው አንዲት ነርስን ለማመስገን ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ ቤተሰቦችም ጥቆማ ይሁናችሁ። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለለመነችኝ አልጠቅስም። ሙያዋን ግን በደንብ ያዙልኝ፤ የስቶማ ነርስ ትባላለች፤ ሽንት ወይም ሰገራ ሆድ ላይ በተሠራ ቀዳዳ እንዲወጣ የሚደረግላቸውን ሰዎች የምትረዳ ማለት ነው። እዚህ ሜሪላንድ፣ አባዬ በታከመበት ሆስፒታል የምትሠራ ሐበሻ ናት። ብዙ ሰው የሚያገኛት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ነው። እኛ ግን ገና ምርጫው ላይ ሳለን አገኘናት፤ በጣም የጠቀመንም እሱ ነው።

አባዬ ሽንቱ ላይ ደም ያየው ምንም ሳያመው ነው። ስላላመመው ለማንም አልተናገረም። እናቴ መጸዳጃ ቤት ገብታ አይታ ነው ነገሩ የታወቀው። እባካችሁ፣ ሽንት ላይ ደም ከታየ፣ አንዴ ብቻ ታይቶ ቢጠፋም ሐኪም ይየው። የዚህ ካንሰር ዋናው ምልክት እሱ ነው። ዋናው አጋላጭ ደግሞ ሲጋራ ነው። አባዬ በሹፌርነት ዘመኑ ያጨስ ነበር፤ ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ሐኪሞቹ በሽንት ቧንቧው ካሜራ አስገብተው ዕጢውን ፍቀው አወጡ። ናሙናው ሲመረመር ካንሰሩ የፊኛውን ጡንቻ ዘልቋል ተባለ። ነገሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከአራት ታማሚዎች የሦስቱ ገደማ ሲደረስበት ጡንቻው ጋ ገና አልደረሰም። ለእነሱ ዕጢው ተፍቆ ይወጣና፣ እንደ አደጋው መጠን ፊኛው ውስጥ መድኃኒት ይጨመራል። አንዱ ቢሲጂ ነው፤ አዎ፣ ያ ክንዳችን ላይ ጠባሳ ያስቀረው የቲቢ ክትባት። የአባዬ ግን ያንን ደረጃ አልፎ ነበር።

ከዚያ ምርጫ መጣ። አንደኛው መጀመሪያ ኬሞ፣ ማለትም ካንሰሩን የሚገድል መድኃኒት ወስዶ፣ ፊኛውን ከሥሩ ካለው ፕሮስቴት ከሚባለው የወንዶች አካል ጋር ማውጣት ነው። ሌላው ዕጢውን በተቻለ መጠን ፍቆ ጨረርና ኬሞ አንድ ላይ በመስጠት ፊኛውን ማትረፍ ነው። ፊኛው ከወጣ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሽንቱ በየት ይውጣ? ከቀጭን አንጀት ቁራጭ ተወስዶ፣ ሆድ ላይ በምትሠራ ቀዳዳ በኩል ወደ ከረጢት እንዲፈስ ማድረግ ይቻላል። ቀዳዳዋ ናት ስቶማ የምትባለው። ወይ ደግሞ ከአንጀቱ አዲስ ፊኛ ተሠርቶ ሰውየው በድሮው መንገድ ይሸናል። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፣ ጊዜ ሰጥቶ አስረድቶናል። ግን ከክፍሉ ስንወጣ ሁላችንም ግራ ገብቶን ነበር።

ወንድሜ ደግሞ "ካንሰር የሚለውን አባዬ ፊት እንዳታነሱ" እያለ ነበር። እኛ ቤት ብቻ ያለ ነገር አይደለም፣ ታውቁታላችሁ። ነርሷ ስትመጣም ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ስቦ ይህንኑ ለመናት። አልተቆጣችውም፣ እሺም አላለችውም። ገብታ አባዬ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ሁሉንም ልንገርዎት ወይስ ልጆችዎ ይስሙልዎት?" አለችው።

አባዬ ዞር ብሎ አየን። "ሆዱ የኔ፣ ሕመሙ የኔ። ለኔው ንገሪኝ ልጄ" አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሳኙ እሱ ሆነ። ወንድሜም ተነፈሰ። ለዚያች አንዲት ጥያቄ ብቻ ዕድሜ ልኬን አመሰግናታለሁ።

"የትኛው ይሻለኛል?" ሲላት ደግሞ "እኔ አልመርጥልዎትም፤ የትኛው ከኑሮዎ ጋር እንደሚሄድ ግን አብረን እንይ" አለችው። ከዚያ ስለ ካንሰሩ ሳይሆን ስለ እሱ ጠየቀችው። ሌሊት እንዴት ይተኛሉ? ዓይንዎ ቅርብ ያለውን ያያል? ጣትዎ ይታዘዝልዎታል? ቤት ውስጥ ማን አለ? አገር ቤት ይመላለሳሉ? አባዬ በየዓመቱ ደብረ ብርሃን ሄዶ ወራት ይቀመጣል። ይህ ነገር በምርጫው ላይ ይህን ያህል እንደሚከብድ ማናችንም አላሰብንም ነበር።

ስለ ጨረሩ "ቀዶ ሐኪሙን ብቻ ሰምታችሁ አትወስኑ፣ የጨረሩንም ሐኪም አነጋግሩ" ብላ እሷ ናት የገፋፋችን። ሄድን። ሐኪሟ ለዚህ ሕክምና ተስማሚ በሆኑ ታማሚዎች ላይ ውጤቱ ከቀዶ ሕክምናው ጋር ተቀራራቢ እንደሆነ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናትም ይህንኑ እንዳሳየ ነገረችን። የአባዬ ዕጢ ግን ከኩላሊት የሚወርደውን ቧንቧ ዘግቶ አንዱን ኩላሊት አሳብጦታል። እንዲህ ያለው ሰው ለጨረሩ ጥሩ ዕጩ አይደለም። በዚያ ላይ ፊኛው ከተረፈ በካሜራ መታየቱ ዕድሜ ልክ ነው፣ መጀመሪያ ላይ በየሦስት ወሩ። በሽታው ከተመለሰ ደግሞ ፊኛው መውጣቱ ላይቀር ይችላል። አባዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ ነው ጨረሩን የተወው። ዛሬ "ምነው ጠይቀን ቢሆን" የሚል የለም።

የቀረው በከረጢቱና በአዲሱ ፊኛ መካከል ነበር። እኛ ልጆቹ አዲሱ ፊኛ ይሻላል ብለን ነበር፤ ከውጭ ምንም አይታይማ። እሷ ግን የሌሊቱን ነገር ነገረችው። አዲሱ ፊኛ ሲሞላ እንደ ድሮው አያስታውቅም። በሰዓት እየተነሱ መሽናት አለ። ሌሊት ማምለጥ ያጋጥማል። አንዳንዱ ሰው ራሱ ቀጭን ቱቦ እያስገባ ማውጣት ግድ ይሆንበታል። የሚስማማው ብዙ ሰው አለ፣ ለአባዬ ግን አልተዋጠለትም። ከረጢቱስ? ቀን እየሞላ ሲመጣ ይደፋል፣ ሌሊት ከትልቅ ከረጢት ጋር ይያያዛል፣ በጥቂት ቀን አንዴ ይቀየራል። ያሳሰባት አገር ቤት ነበር። "ደብረ ብርሃን ሲሄዱ ከሚያስፈልግዎ እጥፍ ይያዙ፤ ሻንጣ ሊጠፋ ስለሚችል ከእጅዎ አይለዩት" አለችው። አባዬ ከረጢቱን መረጠ።

ከኬሞው በኋላ፣ ቀዶ ሕክምናው ሲቃረብ፣ ቀዳዳዋ የምትሆንበትን ቦታ ልታመላክት ጠራችው። ሱሪህንና ቀበቶህን ይዘህ ና ተብሎ ነበር። አስተኛችው፣ አስቀመጠችው፣ አቆመችው፣ ጎንበስ አሰኘችው፤ በየጊዜው ሆዱ የሚታጠፍበትን በጣቷ እየዳሰሰች። ቀበቶው የሚያርፍበትን አየች። ከዚያ ንጹሕ አንሶላ ወለሉ ላይ አነጠፈችና "አባባ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሰግዱ የለ? እስቲ ይስገዱ" አለችው። አባዬ ሸሚዙን ሰብስቦ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ደገመ። እሷም ተንበርክካ ከጎን ሆዱን ታያለች። ሲነሳ ከእምብርቱ በስተቀኝ ዝቅ ብላ፣ እጥፋቱንም ቀበቶውንም የማይነካ ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገች። ከረጢት ለጥፋ ውኃ ጨመረችበትና "ይህን አድርገው ይደሩ፣ ነገ ይንገሩኝ" ብላ ሸኘችው። ማንኛውም ጎበዝ የስቶማ ነርስ ምልክቱን ያደርጋል። የአባዬን ስግደት ያሰበችው ግን እሷ ናት።

አባዬ ለኛ ያልነገረን አንድ ጭንቀት ነበረው። ለእሷ ነው ድምጹን ዝቅ አድርጎ የተናገረው። "ሽንት ታቅፌ ቤተ እግዚአብሔር እንዴት እገባለሁ?" አላት። "ይህንን እኔ አልመልስልዎትም፤ ሳይወስኑ በፊት የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ" አለችው። አነጋገራቸው። ሕመም እንጂ ኃጢአት አይደለም፣ ና ብለውታል።

የከረጢቱ ነገር ቶሎ ለመደ። ማገገሙ ግን ቀላል አልነበረም። ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው። ምግብ እምቢ አለው፣ ድካሙም ከጠበቅነው በላይ ቆየ። አሁን ከረጢቱን ራሱ ይቀይራል፣ እናቴን እንኳ አያስነካም።

ለእናንተ ጥቆማዬ ይህ ነው። ሐኪሙ ፊኛ ማውጣት የሚለውን ቃል ካነሳ፣ ከመወሰናችሁ በፊት "የስቶማ ነርስ አገናኙን" በሉ። ካልጠየቃችሁ ማንም ላያነሳላችሁ ይችላል። ናሙናው ውስጥ ጡንቻ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ጡንቻ ከሌለበት በሽታው ምን ያህል እንደዘለቀ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ኩላሊቱ ሲስፕላቲን የሚባለውን ኬሞ ይችላል ወይ? ቀዶ ሐኪሙ ይህን ሥራ በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራል? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሐበሻ ነርስ ባታገኙ አስተርጓሚ ጠይቁ። እዚህ አሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ ልጅ ለአባቱ ማስተርጎም የለበትም።

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ያላችሁ ሆስፒታሉን ማወቅ ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከረጢት ፈርቶ ለተጨነቀ ሰው አባዬ ራሱ ስልክ ያነሳል፤ እንዲህ በይ ያለኝም እሱ ነው። እሁድ ጠዋት ብቻ አትደውሉ፣ ቅዳሴ ላይ ነው።