ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በተሁለደሬ፦ የአንድ አባል አስተያየት

በደቡብ ወሎ የምትገኘው ተሁለደሬ፣ ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች መሞከር ሲጀምር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ ነበረች፤ አገልግሎቱ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተስፋፋውም ከሙከራው በተገኘው ልምድ ላይ ተመሥርቶ ነው። አባል የሆነ ቤተሰብ የዓመቱን መዋጮ አስቀድሞ ከፍሎ ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ሲቀርብ፣ ለካርድም ሆነ ለምርመራ ገንዘብ አይጠየቅም፤ መክፈል ለማይችሉት ደግሞ መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ለሕክምና ብሎ በሬውን ከመሸጥ የዳነ ገበሬ የዚህን ጥቅም ከማንም በላይ ያውቀዋል። በእጅጉ የሚያሳዝነኝ የመድኃኒት እጥረቱ ነው፤ የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት በተደጋጋሚ ከግል ፋርማሲ በራሳችን ገንዘብ ለመግዛት ተገድደናል፣ ይህም አስቀድሞ ለከፈለ አባል ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። እንዲያም ሆኖ አባልነታችንን ያለማመንታት እናድሳለን። አዲስ የምትመዘገቡ ሁሉ፣ ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት መያዝ እንዳለባችሁ አትዘንጉ።